የሙያ ሥልጠና ለሳይንስ ዶክትሬት ተማሪዎች፦ የትኛውን ልምረጥ?

የዶክትሬት ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ በአንድ ዓመት ስድስት ዎርክሾፕ ወሰድኩ። የአመራር፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የንግግር ክህሎት፣ ሌላም ሌላም። ስድስቱንም ሰርተፍኬቶች ሰብስቤ ፎልደር ውስጥ አኖርኳቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ለሆነ ሥራ የመጀመሪያዬን ቃለ መጠይቅ ተቀመጥኩ። ጠያቂዋ ስለ ሰርተፍኬት ምንም አላነሳችም። «ከራስዎ ላብ (ላቦራቶሪ) ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር አብረው የሠሩት ሥራ አለ? ሳትግባቡ ስትቀሩስ ምን አደረጋችሁ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። የምለው አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው ያ ዝምታ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ዛሬ ለዶክትሬት ተማሪ የሚቀርበው የሥልጠና ዓይነት ብዙ ነው። ጊዜው ግን ያው ነው። ስለዚህ ሁሉንም አማራጮች የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ስጨርስ፣ ለማያውቀኝ ሰው የማሳየው ምን ነገር በእጄ ይቀራል? የሚሠራ ኮድ ሊሆን ይችላል። የታተመ ጽሑፍ፣ ራሴ ያስተማርኩት ክፍል፣ ወይም ስለ እኔ በሙሉ አፉ የሚመሰክር ሰው ሊሆን ይችላል። ምንም የማይቀር ከሆነ ደግሞ ደግሜ አስብበታለሁ።

«እኔ ፕሮፌሰር ነው የምሆነው፣ ይህ አይመለከተኝም» የሚል ካለ አንድ ቁጥር ይመልከት። የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚያ አገር በሳይንስ ዶክትሬት ከያዙት ውስጥ ፕሮፌሰር እስከ መሆን የሚደርሱት 0.45 በመቶ ብቻ ናቸው። 53 በመቶዎቹ ዶክትሬታቸውን እንደጨረሱ ከሳይንስ ውጭ ወዳለ ሥራ ይሄዳሉ። ቁጥሩ የአንድ አገር ነው፤ በየአገሩና በየመስኩ ይለያያል። ያም ሆኖ አብዛኞቻችን ከምርምር ወንበር ሌላ ወንበር ላይ እንደምንቀመጥ መገመት አይከብድም።

መጀመሪያ ራስን መመዘን

ማንኛውንም ሥልጠና ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ስጡ። ሁለት የታወቁ መሣሪያዎች አሉ።

አንደኛው ማይአይዲፒ ነው። «ሳይንስ» የተባለው መጽሔት አሳታሚ የሆነው የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ሲሆን በነጻ ይሞላል። ስለ ችሎታችሁ፣ ስለምትወዱት ሥራና ከሥራ ስለምትፈልጉት ነገር ይጠይቃችኋል። ከዚያ መልሳችሁን ከተለያዩ የሥራ መስኮች ጋር ያገናኝላችኋል። ኬሚስቶች የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ያዘጋጀው ኬምአይዲፒ የሚባል የራሳቸው አላቸው።

ሁለተኛው ቪቴ የተባለው የብሪታንያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የተመራማሪ እድገት ማዕቀፍ ነው። የ2010ሩ ቅጂ የአንድን ተመራማሪ እውቀትና ጠባይ በ4 ዘርፍና በ63 ነጥቦች ይዘረዝራል።

የትኛው ይሻላል? ወዴት እንደምትሄዱ ገና ካልለየላችሁ ማይአይዲፒ ይሻላል፤ አማራጮችን ያሳያችኋል። መንገዱን ካወቃችሁና የጎደላችሁን ብቻ ለመለየት ከፈለጋችሁ የቪቴው ይጠቅማል። ግን 63ቱንም ለማሟላት አትነሱ። ሦስቱን ምረጡ፣ ስድሳውን ተዉት። እኔ መጀመሪያ ሳየው ሁሉንም በቀለም እየለየሁ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሠንጠረዡን ለመጨረስ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። የረዳኝ ግን በመጨረሻ ላይ ያከበብኳቸው ሁለት ነጥቦች ብቻ ናቸው።

የሁለት ቀን ዎርክሾፕ ወይስ ረጅም ኮርስ?

አጭር ዎርክሾፕን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔም በስድስቱ ሰርተፍኬቶቼ ተናድጄ ንቄው ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ የላብ ባልደረባዬ ናት።

ሁለታችንም የካርፔንትሪስን ዎርክሾፕ አብረን ወሰድን። ይህ ለተመራማሪዎች መሠረታዊ የኮምፒውተር ክህሎት የሚያስተምር የበጎ ፈቃደኞች እንቅስቃሴ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ሶፍትዌር ካርፔንትሪ ነው። የተለመደው ዎርክሾፕ ሁለት ቀን ይፈጃል። ተማሪው ከአስተማሪው ጋር እኩል እየጻፈ ሼል (ኮምፒውተርን በጽሑፍ ማዘዣ)፣ ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ ማስቀመጫ)፣ ፓይተን ወይም አር (የፕሮግራም ቋንቋዎች) ይማራል። እኔ በምሳሌነት በተሰጠን ዳታ ሠራሁ፣ ገባኝ፣ ደስ አለኝ፣ ላፕቶፔን ዘጋሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግማሹን ረስቼዋለሁ።

እሷ ግን የራሷን ፋይል ይዛ ነበር የመጣችው። ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ ከመለኪያ ማሽኑ የሚወጣውን የ96 ጉድጓድ ሳህን (ናሙናዎች የሚለኩበት ሳህን) ንባብ በእጇ ወደ ኤክሴል ትገለብጥ ነበር። አንዳንዴ ረድፍ ይዘላታል፣ እንደገና ትጀምራለች። በዎርክሾፑ ሁለተኛ ቀን፣ ሌሎቻችን ሻይ ስንጠጣ፣ አሠልጣኙን ይዛ ያንን ፋይል አሳየችው። አብረው ሠላሳ መስመር የማይሞላ ኮድ ጻፉ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የሁለት ሰዓቱ ሥራ በደቂቃ አለቀ። ኮዱን በጊት ላይ አስቀመጠችው፤ ከእሷ በኋላ የገቡ ተማሪዎችም ተጠቀሙበት። ለሥራ ስታመለክት ሲቪዋ ላይ «ፓይተን እችላለሁ» ብላ አልጻፈችም። «የላባችንን ሳምንታዊ የመለኪያ ዳታ የሚያስተካክል ፕሮግራም ጽፌአለሁ፤ አራት ሰዎች ይጠቀሙበታል» ብላ ጻፈች። ሁለቱ መስመሮች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

እንግዲህ ለአጭር ዎርክሾፕ ያለኝ ምክር ይህ ነው። የራሳችሁን ችግር ይዛችሁ ግቡ። ይዛችሁ የምትገቡት ችግር ከሌላችሁ ለጊዜው አትመዝገቡ።

ረጅም ኮርስ ሌላ ነገር ነው። ኮርሴራና ኤዴክስ የተባሉት የኢንተርኔት ትምህርት መድረኮች ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ከተጀመሩ ወዲህ ስታትስቲክስም ሆነ ማሽን ለርኒንግ ከቤት ሆኖ መማር ቀሏል። ጥልቀቱ ከዎርክሾፕ ይበልጣል። ችግሩ መጨረሱ ላይ ነው። ሙከራው ሲበላሽና የጽሑፍ ማስገቢያ ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የሚቋረጠው ማንም የማይጠይቃችሁ ኮርስ ነው። ስለዚህ በፕሮጀክት የሚያልቀውን ምረጡ። ከተቻለ ደግሞ ከአንድ ጓደኛ ጋር አብራችሁ ጀምሩ።

ከላብ መውጣት፦ ኢንተርንሺፕ፣ ሰከንድመንት ወይስ የኢንዱስትሪ ዶክትሬት?

ትልቁ ውሳኔ እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ኢንተርንሺፕ ከዶክትሬት ሥራችሁ ለተወሰነ ጊዜ ወጥታችሁ ሌላ ቦታ የምትሠሩበት ነው። በብሪታንያ የባዮሎጂ ምርምርን በገንዘብ የሚደግፈው ቢቢኤስአርሲ ለዶክትሬት ተማሪዎቹ የዘረጋው ፕሮግራም ጥሩ ምሳሌ ነው። ርዝመቱ ሦስት ወር ነው። ሥራው ከተማሪው ጥናት ጋር የማይገናኝ መሆን አለበት። አንዱ ትምህርት ቤት ይገባል፣ አንዱ የፖሊሲ ቢሮ፣ ሌላው ኩባንያ። ጋዜጠኝነት የሚስባችሁ ከሆነ የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር ተማሪዎችን ለ10 ሳምንት የዜና ክፍል ውስጥ ያስገባል፤ እንደ ማንኛውም ሪፖርተር ዜና ይጽፋሉ። የፖሊሲ ሥራ የሚስባችሁ ደግሞ ያው ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሚያካሂደውን የአንድ ዓመት ፌሎሺፕ ልታውቁት ይገባል። ሆኖም እሱ ዶክትሬት ከተያዘ በኋላ የሚመጣ ነው፤ የሚወስደውም የአሜሪካ ዜጎችን ብቻ ነው።

የኢንተርንሺፕ ጥንካሬው መመለሻ ያለው መሆኑ ነው። ሥራውን ካልወደዳችሁት ያጣችሁት ሦስት ወር ነው። ደግሞም «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ በጊዜ ማወቅ ትልቅ ትርፍ ነው። ድክመቱ አጭርነቱ ነው። የመጀመሪያው ወር ሰዉንና አሠራሩን በማወቅ ያልቃል። የመጨረሻው ሳምንት በማስረከብ ያልቃል። መሃል ላይ የቀረችውን ጊዜ የሚሞላ ግልጽ ሥራ ቀድሞ ካልተሰጣችሁ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት «በመጨረሻው ቀን ምን ሠርቼ ነው የማስረክበው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሰከንድመንት የጥናታችሁን አንድ ክፍል ይዛችሁ ሌላ ተቋም ሄዳችሁ የምትሠሩበት ነው። ከኢንተርንሺፕ የሚለየው ሥራው የዶክትሬታችሁ አካል መሆኑ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮች ውስጥ እንዲህ ያለው ቆይታ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። አማካሪያችሁ «ጊዜ ይባክናል» የሚል ከሆነ ይህ በጣም ቀላሉ መውጫ ነው። የምታመጡት ውጤት ዲሰርቴሽናችሁ (የመመረቂያ ጽሑፋችሁ) ውስጥ ይገባልና።

የኢንዱስትሪ ዶክትሬት ከሁሉም ይከብዳል። ገና ሲጀመር የሚወሰን ነው። በእነዚሁ የአውሮፓ ኔትወርኮች የኢንዱስትሪውን ዘርፍ የመረጠ ተማሪ ቢያንስ ግማሽ ጊዜውን ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያሳልፋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሲፍር የሚባል ሥርዓት አላት። ኩባንያው ተማሪውን እንደ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ መንግሥት ለኩባንያው ድጎማ ይከፍላል፣ ጥናቱን የዩኒቨርሲቲ ላብ ይመራል። ዴንማርክም ተመሳሳይ የሦስት ዓመት ፕሮግራም አላት።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ስትመረቁ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ አላችሁ፣ ደመወዝም ነበራችሁ። ግን ሁለት አለቃ ማስተናገድ አለባችሁ። ኩባንያው ምርት ይፈልጋል፣ ዩኒቨርሲቲው ጽሑፍ ይፈልጋል። ኩባንያው አቅጣጫ ሲለውጥ ርዕሳችሁ መሃል ላይ ሊቀር ይችላል። በተለይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከመፈረማችሁ በፊት የምሥጢር ጥበቃውን አንቀጽ መስመር በመስመር አንብቡ። ውጤቱን ለማሳተም የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? ኩባንያው ስንት ወር ሊያዘገየው ይችላል? ዲሰርቴሽኑ በይፋ ይቀርባል ወይስ ተዘግቶ ይቀመጣል? የማውቀው አንድ ተማሪ ይህን ሳይጠይቅ ፈርሞ ዋናው ጽሑፉ ከአንድ ዓመት በላይ ተይዞበታል። በዚያ መሃል ለፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ለሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) ሲያመለክት የሚያሳየው የታተመ ነገር አልነበረውም።

የእኔ ፍርድ፦ ኢንዱስትሪ መግባት እንደምትፈልጉ እርግጠኛ ከሆናችሁና ዶክትሬት ገና ካልጀመራችሁ የኢንዱስትሪውን ዶክትሬት ምረጡ። ጀምራችሁ ከሆነና አማካሪያችሁ ጠበቅ ያለ ከሆነ ሰከንድመንት። የሚሆናችሁን ገና ካላወቃችሁ ኢንተርንሺፕ። የሦስቱም የጋራ ጥቅም ከላባችሁ ውጭ ስለ ሥራችሁ የሚመሰክር ሰው ማግኘት ነው። ያ ሰው ከሰርተፍኬት ሁሉ ይበልጣል።

ወደየትኛውም ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። የትምህርት ድጋፍ ገንዘባችሁ በዚያን ጊዜ ይቋረጣል ወይስ ይቀጥላል? በውጭ አገር የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ቪዛችሁ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ መሥራት ይፈቅዳል? ሁለቱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልስ አግኙ።

ማስተማር ወይስ ሳይንስን ለሕዝብ ማስረዳት?

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አይደሉም። ማስተማር አንድን ቡድን ለወራት ይዞ መዝለቅ ነው። ትምህርት ማቀድ፣ ፈተና ማውጣት፣ ያልገባው የቱ ጋ እንደጠፋበት መፈለግ። የዩኒቨርሲቲ መምህር መሆን የምትፈልጉ ከሆነ ረዳት ሆኖ ፈተና ማረም ብቻውን አይበቃም። አንድ ሙሉ ክፍል፣ ትንሽም ቢሆን፣ ራሳችሁ የቀረጻችሁት ይኑራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሲርትል የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ኔትወርክ የወደፊት የሳይንስ መምህራንን ለማሠልጠን የተቋቋመ ነው። በዩኒቨርሲቲያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ኮርስ የሚሰጥ መምህር ጋ ሄዳችሁ «የሁለት ሳምንቱን ክፍለ ጊዜ እኔ ላዘጋጀው?» ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል።

ለሕዝብ ማስረዳት ግን አጭር ነው፣ ቶሎ ይለመዳል፣ ለማንኛውም ሥራ ይጠቅማል። ከሁሉም የምወደው የሦስት ደቂቃ ቴሲስ የተባለው ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገር ይካሄዳል። ሦስት ደቂቃ፣ የማይንቀሳቀስ አንድ ስላይድ፣ ሌላ ምንም። እኔ ስዘጋጅ የመጀመሪያው ረቂቄ ዘጠኝ ደቂቃ ነበር። ስድስቱን ደቂቃ እየቆረጥኩ ስጥል ነው ጥናቴ በእርግጥ ስለምን እንደሆነ የገባኝ። አላሸነፍኩም። ያቺን ሦስት ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ በየቃለ መጠይቁ እጠቀምባታለሁ።

የሥራ ፈጠራ ሥልጠናን በአጭሩ ልለፈው። ከላባችሁ የወጣ፣ ሰው ሊገዛው ይችላል የምትሉት ነገር ካለ ብቻ ግቡበት። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው አይ-ኮር የተባለ ፕሮግራም ቡድኖችን በሰባት ሳምንት 100 ሊሆኑ ከሚችሉ ደንበኞች ጋር እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ከዶክትሬት ሥራ ጎን በትርፍ ጊዜ የሚሠራ አይደለም።

ገንዘብ የማይጠይቀው አማራጭ

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ወይም ሌላው ሁሉ ካልተሳካ፣ ሰው ጠይቁ። የምትመኙትን ሥራ የሚሠራ፣ ዶክትሬቱን ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት በፊት የጨረሰ ሰው ፈልጉ። ከዚያ የቀደመ ሰው የገባበት በር ምናልባት ዛሬ ተዘግቷል። ሃያ ደቂቃ ብቻ ጠይቁት። ሥራ እንዲሰጣችሁ አትጠይቁ። «ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሥራህ ምንድን ነው?» ስትሉት የሥራ መግለጫ ያነብላችኋል። ማክሰኞን ስትጠይቁት ግን እውነቱን ይነግራችኋል፤ ስንት ሰዓት ስብሰባ፣ ስንት ሰዓት ኢሜይል፣ ስንት ሰዓት ሳይንስ። እኔ እንዲህ ስምንት ሰው ካነጋገርኩ በኋላ ለዓመታት ያለምኩትን አንድ ሥራ ተውኩት። አስቤው የማላውቀውን ሌላ ሥራ ወደድኩ።

የዩኒቨርሲቲ የሥራ ማማከሪያ ቢሮ ሲቪ ለማረምና ቃለ መጠይቅ ለመለማመድ ጥሩ ነው። የመስካችሁን ውስጠ ነገር ግን ከባለሙያው ነው የምትሰሙት።

መቼ?

በመጀመሪያው ዓመት ሰው መጠየቅና አንድ የቴክኒክ ዎርክሾፕ ይበቃል። ሁለተኛው ዓመት ለማስተማርና ለረጅም ኮርስ ይመቻል። ከላብ መውጣት የሚሻለው የመጀመሪያው ጽሑፍ ከተላከ በኋላ፣ ዲሰርቴሽን መጻፍ ሳይጀመር ነው። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት አዲስ ሥልጠና አትጀምሩ። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ ማመልከቻ መጻፍና እንቅልፍ ነው።

አማካሪን ማነጋገር

ብዙዎቻችንን የሚያስፈራን ይሄ ነው። አማካሪው የሚሰጋው ሥልጠናው ምርምሩን ያዘገያል ብሎ ነው። ለዚህ ስጋት መልስ የሚሆን ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሎስ ባዮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት በ10 የአሜሪካ ተቋማት የሕይወት ሳይንስ ዶክትሬት ተማሪዎችን አነጻጸረ። በሙያ ሥልጠና የተሳተፉት ካልተሳተፉት ይልቅ ለመመረቅ ረጅም ጊዜ አልፈጀባቸውም። ያሳተሙት ጽሑፍም አላነሰም። ጥናቱን አትማችሁ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ሆኖም አማካሪን ከቁጥር በላይ የሚያረጋጋው ዕቅድ ነው። እኔ የላክሁት መልእክት ይህን ይመስል ነበር፦

«ፕሮፌሰር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ለሦስት ወር ኢንተርንሺፕ ለመውጣት ፈቃድዎን ለመጠየቅ ነው የምጽፍልዎ። ሁለተኛው ጽሑፋችን በግንቦት ወደ መጽሔቱ ይላካል። ሴሎቹን ከመሄዴ በፊት አቀዘቅዛቸዋለሁ፤ የት እንደተቀመጡ የሚያሳየው ዝርዝርና ፕሮቶኮሎቹ የጋራ ፎልደራችን ውስጥ ይሆናሉ። የገምጋሚዎች አስተያየት በመሃል ከመጣ ቅዳሜና እሑድ እሠራበታለሁ። በየሁለት ሳምንቱ አርብ ለግማሽ ሰዓት በስልክ ብንገናኝ ደስ ይለኛል። ሲመችዎ ቢሮዎ መጥቼ ብንነጋገርበት?»

ሁለት ቀን ቆይቶ «ሐሙስ ነይ» የሚል መልስ መጣ። ሐሙስ ዕለት የጠየቁኝ ስለ ሴሎቹ ብቻ ነበር።

እምቢ ቢሉስ? አሳንሳችሁ ጠይቁ። ሦስት ወር ካልሆነ የሁለት ሳምንት ጉብኝት። እሱም ካልሆነ በሳምንት ግማሽ ቀን፣ ከሌላ ተቋም ቡድን ጋር ከርቀት የሚሠራ አንድ ትንሽ ሥራ። እኔ ቃለ መጠይቁ ላይ ዝም ያልኩበትን ጥያቄ ለመመለስ የሳምንት ግማሽ ቀን ይበቃል።